«አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ»

ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ሰኔ ሲጋመስ ብቅ ትላለች፤ መስከረም እስኪጠባ ትዘልቃለች። «በወንዝ ዳርቻና ለጎርፍ ተጋላጭ በሆኑ አካባቢዎች የሚኖሩ የኅብረተሰብ ክፍሎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» ብላ ትጀምርና «አሳሰበ» ወይም «አስታወቀ» ብላ ትዘጋለች። መንግሥት ተለውጧል፤ የመሥሪያ ቤቱም ስም ተለውጧል። በደርግ ዘመን የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ይባል የነበረው በኢሕአዴግ ጊዜ አደጋ መከላከልና ዝግጁነት ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ተብሏል። ዓረፍተ ነገሯ ግን እንደ ጥንቷ ናት።

ይህ ጸሐፊ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ጠብ አለው። ማንም ጤነኛ ሰው ጥንቃቄን አይጠላም፤ ጠቤ «አስፈላጊውን» ከምትለው ቃል ጋር ነው። አስፈላጊው ምንድን ነው? ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን? ውኃው ከየት ይመጣል? ስንት ክንድ ይሆናል? ከብቱን ወዴት እንንዳው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያልያዘ ማሳሰቢያ ማስጠንቀቂያ ሊባል አይገባውም፤ ደረሰኝ ነው። ነገ አደጋው ሲደርስ «ተናግረን ነበር» ለማለት አስቀድሞ የተቆረጠ ደረሰኝ።

ነገሩን ትንሽ ከሩቅ ልጀምረው። ቴክሳስ ውስጥ ሂውስተን ከተማ የሚኖር አንድ ዘመድ አለኝ። እዚያ ሀገር «ሀሪኬን» የሚሉት ታላቁ የውቅያኖስ ማዕበል የታወቀ ወቅት አለው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30። ወቅቱ ሲቃረብ ለየቤተሰቡ ዝርዝር ይታደላል፤ ዘመዴም አንድ ጊዜ ላከልኝ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውኃ፣ ያውም ቢያንስ ለሦስት ቀን። የእጅ ባትሪ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ የታሸገ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት የተቀመጠ ሰነድ፣ ነዳጅ የተሞላ መኪና። ቤተሰብ ቢበታተን የት እንደሚገናኝ አስቀድሞ መነጋገር። እኔን የገረመኝ ግን ከዝርዝሩ ጀርባ ያለው ነው። የቤቱ ባለቤት ውኃውን በጀሪካን ሲቀዳ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ማዕበሉ ገና ከባሕሩ ላይ ሳለ እየተከታተለ በየስድስት ሰዓቱ የት እንደ ደረሰና መቼ ከየብስ እንደሚገባ ይነግረዋል። ዘመዴ ቤቱ በየትኛው የመልቀቂያ ቀጣና እንዳለ ያውቃል። የቀጣናው ስም ሲጠራ ይወጣል፤ ሳይጠራ ይቀመጣል። የቤተሰቡ ዝግጅት ትርጉም የሚኖረው መንግሥት የራሱን ግማሽ ሲሠራ ነው ማለት ነው።

እዚያም ቢሆን ነገሩ ሁልጊዜ አይሳካም። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊየንስን ሲመታ ከተማዋን ለቃችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። መኪና ያለው ወጣ፤ የሌለው ቀረ። በኋላ «ለምን አልወጡም?» ተብሎ የተጠየቀው የቀረው ሰው ነው። ይህን ጥያቄ ልብ በሉልኝ፤ ኦሞ ዳር ስንደርስ እንደገና እናገኘዋለንና።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ጂንካ ተቀምጦ የኦሞን ጎርፍ በሰማይ መልክ መተንበይ አይቻልም። የጂንካና የአካባቢዋ ዋና ዝናብ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ሌላ ዙር አለ። ኦሞን የሚሞላው ዝናብ የዚያ ሀገር አይደለም። ጉራጌ ላይ፣ ጅማ ላይ፣ ከፋ ላይ፣ ወላይታና ዳውሮ ተራሮች ላይ በሐምሌና በነሐሴ ይዘንባል። ያ ውኃ በጊቤና በጎጀብ ተሰብስቦ፣ ገደሉን ሁሉ ዘልቆ፣ 760 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ወንዝ ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁም መውጫ የለውም። በዚህ ጊዜ ኦሞራቴ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ምድሩ አቧራ ሊሆን ይችላል። የሚያሰጥመውን ደመና በዓይኑ የማያይ ሰው «ተጠንቀቅ» ሲባል ምን ይጠንቀቅ? ሊያውቅ የሚችለው ላይ ያለው ሰው ከነገረው ብቻ ነው። ውኃው ከደጋው እስከ ሐይቁ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። ቃል ለመድረስ ግን ደቂቃ ይበቃዋል።

ቃል ባይደርስ ምን እንደሚሆን 1998 ዓ.ም. አሳይቶናል። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ድሬዳዋ በተኛችበት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ፈጀ። እዚያም ዝናቡ የወረደው ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ነበር። ሀገሪቱ የድሬዳዋን ሙታን ገና ቀብራ ሳትጨርስ፣ ኦሞ ከታችኛው ዳርቻው ወጥቶ ያኔ ኩራዝ ወረዳ በሚባለው የዳሰነች ምድር ላይ ተኛ። በወቅቱ የተነገረው የሟች ቁጥር 364 ነው። በሺሕ የሚቆጠር ከብት ሄደ። በወንዙ ደሴቶች ላይ የተከበቡትን ለማውጣት ሄሊኮፕተርና ጀልባ የተላከው ውኃው ሥራውን ከሠራ በኋላ ነበር። ሁለቱ አደጋዎች በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ምክንያት ደረሱ፤ ከላይ የዘነበውን የታችኛው ሰው አልሰማም። ለድሬዳዋ አልቅሰናል፤ ማልቀስም ተገቢ ነበር። ለኦሞ ግን ያን ያህል አላለቀስንም። ከተማ የሚሞትና ቆላ የሚሞት ሰው በእኛ ጋዜጣ እኩል ዓምድ አያገኝም።

የሚያስገርመው፣ የኦሞ ዳር ሰው ጎርፍን እኛ ሳናስተምረው ያውቀው ነበር። ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራ፣ ሙርሲ፣ እነዚህ ሕዝቦች የዓመት ኑሯቸውን የቆጠሩት በጎርፍ ነው። ወንዙ በነሐሴ ዳርቻውን ያለብሳል፤ በመስከረምና በጥቅምት ሲሸሽ የተወውን ጥቁር ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ። ዝናብ ሳያስፈልገው እህሉ በደለሉ እርጥበት ይደርሳል። የዳሰነች ሴቶች ቤታቸውን ከእንጨትና ከቆዳ የሚሠሩት ዐውቀው ነው፤ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ። ጎተራውን በቆጥ ላይ ከፍ አድርጎ መሥራትም በዚያ ሀገር የቆየ ጥበብ ነው። በእኛ ቋንቋ «የቅድመ ዝግጅት ባህል» ተብሎ ዐውደ ጥናት የሚዘጋጅለት ነገር እዚያ ኑሮ ነበር። የ1998ቱ ጎርፍ ግን ከለመዱት በላይ ሆነባቸው። አባት ለልጅ ያላወረሰው ከፍታ ሲመጣ የአባት ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ የመለኪያ ጣቢያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነበር።

ከዚያ ጊቤ ሦስት መጣ። ያ ጎርፍ ለግድቡ ጥሩ ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ ግድቡ ሲያልቅ እንዲህ ያለ እልቂት አይደገምም ተባልን። ጥር 2003 ዓ.ም. የአርብቶ አደሮች ቀን ጂንካ ላይ ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እዚያው ተገኝተው ታላቅ የመስኖ ልማት እንደሚመጣ አበሠሩ፤ የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት የሚባለው ተከተለ። ግድቡ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱ 243 ሜትር፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት። ይህ ጸሐፊ መብራት የሚጠላ ሰው አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በመብራት ነው። ነገር ግን በግድቡ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ላይ ለታችኛው ገበሬ በየዓመቱ ለአሥር ቀናት ያህል ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ የተጻፈ ቃል ነበር። ግድቡ በ2007 ዓ.ም. ውኃ ማጠራቀም ሲጀምር የለመዱት ጎርፍ ቀረ። ደለሉ ቀረ። በዚያም ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ሲከዳ፣ ደቡብ ኦሞ ከቦረና ጋር አብሮ ተራበ።

ወንዙ ተገርቷል፣ አይመለስም ተብሎ ሳለ ውኃው በሌላ በር ገባ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቱርካና ሐይቅ ከፍ እያለ፣ ወንዙም በክረምት እየሞላ፣ የዳሰነች መንደሮች አንድ በአንድ ከውኃ በታች ሆኑ። በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ፤ የኦሞራቴ ከተማ ራሷ በ2016 ዓ.ም. በውኃ ተከብባ አደጋ ላይ ወድቃ ነበር። ለዚህ ግድቡን ብቻ መክሰስ አግባብ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው ኬንያ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሐይቆችም በእነዚሁ ዓመታት ሞልተዋል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ለዳሰነቹ ግን ልዩነቱ ከሳይንሱ ይልቅ በእርሻው ላይ ይታያል። ድሮ ጎርፍ እንግዳ ነበር፤ መጥቶ፣ ደለሉን ሰጥቶ ይሄድ ነበር። የአሁኑ መጥቶ ተቀመጠ። የሚሸሽ ውኃ ካልሆነ የሚዘራበት ደለል የለም፤ የግጦሹም ሣር ከሥር ይበሰብሳል።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው በየዓመቱ «አስፈላጊውን ጥንቃቄ» የምንለው።

«ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ ሲባሉ እኮ አይወጡም» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰማል። ይህ ጸሐፊም ከተማረ ሰው አፍ፣ ያውም ቡና እየጠጣ ከሚናገር፣ ሰምቶታል። ይኸው የካትሪና ጥያቄ ነው፤ «ለምን አልወጡም?» ይላል። ወዴት ይውጡ? ዳሰነች ከብቱን ትቶ የሚወጣበት ሀገር የለውም፤ ከብቱን ይዞ ሲወጣ ደግሞ የኛንጋቶም፣ የሐመር ወይም የቱርካና ግጦሽ ላይ ይደርሳል። ያ ግጦሽ ደም የፈሰሰበት ግጦሽ ነው። አንድ አባወራ ሊደርስም ላይደርስም በሚችል ውኃና በእርግጠኝነት በሚጠብቀው ጥይት መካከል ቆሞ ሲያመዛዝን አላዋቂ መባሉ ግፍ ነው። እንዲወጣ የሚፈልግ መንግሥት አስቀድሞ፣ በበጋ፣ ሽማግሎችን አስቀምጦ «በዚህ ዓመት ጎርፍ ከመጣ የዳሰነች ከብት በዚህ በኩል ያልፋል፣ እዚህ ያድራል፣ ይህን ያህል ሳምንት ይቆያል» ብሎ ማስማማት አለበት። ይህ ሲሚንቶ አይጠይቅም። አበልና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምናልባትም የቸገረን ሁለተኛው ነው።

ድህነትን ሰበብ ለሚያደርግ ባንግላዴሽን አስታውሰዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ ሌሊት ማዕበል ከ300 ሺሕ የማያንስ ሰው አለቀባት፤ ያን ጊዜ ገና ነጻ ሀገር እንኳ አልነበረችም። በ1972 መንግሥትና ቀይ ጨረቃ ማኅበሩ አንድ ነገር ጀመሩ። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች መረጡ፤ ድምፅ ማጉያና ባንዲራ ሰጧቸው። ባንዲራው አንድ ሲሆን ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ሦስት ሲሆን ምን ማለት እንደ ሆነ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ታውቃለች። ከፍ ብለው በዓምድ ላይ የቆሙ መጠለያዎች ሠሩ፤ በደኅና ጊዜ ትምህርት ቤት ናቸው። ይልቁንም ልቤን የነካው፣ ሰዎች ከብታቸውን ጥለው እንደማይሄዱ ስለገባቸው ለከብቱም የአፈር ጉብታ ከመሩለት። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመታ ከ3 ሺሕ በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙ ነው፤ ግን 300 ሺሕ አይደለም። በ2020 አምፋን ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወጥቶ ሟቹ በአሥሮች የሚቆጠር ሆነ። ሀገሪቱ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሀብታም አልነበረችም። ማስጠንቀቂያን መጨረሻው ጎጆ ድረስ ማድረስ የመንግሥት ሥራ ነው ብላ ግን ወስናለች።

ጎረቤታችን ጎፋ ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮናል፤ ከተማርን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ሁሉ ዶማና እጁን ይዞ ሊያወጣቸው ሮጠ። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የቀበሌው ሰዎች ጭምር ተሰበሰቡ። እየቆፈሩ ሳለ ተራራው ሁለተኛ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ከሆኑት ሟቾች ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡት ናቸው። ከዚህ የበለጠ ወገን መውደድ ከየት ይመጣል? ነገር ግን የተናደ ቁልቁለት ዳግም ሊናድ እንደሚችል፣ ቆፋሪው ሲቆፍር አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ተራራውን ብቻ ማየት እንዳለበት የነገራቸው ነበር ወይ? ይህን ለማስተማር አንድ የእሑድ ከሰዓት ይበቃል። በሀገራችን በአደጋ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ባለ ሥልጣን የሚደርሰው ከካሜራው ጋር ነው። ሥልጠናው ግን ለጎረቤቱ አይሰጥም፤ ሆቴል ውስጥ ለባለ ሥልጣኑ ይሰጣል።

መንግሥትን ወቅሼ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ አልልም። የጂንካ ነዋሪ፣ የዲመካ ነጋዴ፣ የኦሞራቴ መምህር የሆንክ አንባቢ ሆይ፣ ዓረፍተ ነገሯ ባትነግርህም የምታደርገው አለህ። የይዞታ ማረጋገጫህን፣ የልጆችህን የልደትና የትምህርት ወረቀት በሁለት ፌስታል ቋጥረህ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጥ፤ ጎርፍ የወሰደውን ወረቀት ለማስመለስ ስንት ቢሮ እንደሚያስኬድ እኔ ልንገርህ አያሻም። በቤትህ ዙሪያ ያለውን ቦይ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ጥረገው። የጎረቤትህን ቦይ የሞላኸው አንተ ከሆንክ እሱንም ጥረግ፤ የኔ ደጅ ይድረቅ እንጂ የሚል ጥበብ ጎርፍን ወደ ድሃው ቤት የሚያዞር ጥበብ ነው። ጀሪካን ሙላ። ውኃ ሲሸሽ ሁለት ነገር ጥሎ ይሄዳል፤ ትንኝና የተበከለ ጉድጓድ። ስለዚህ አጎበርና የውኃ ማከሚያ ከባትሪው እኩል ያስፈልጋሉ። (1998 ዓ.ም. የጎርፍ ብቻ ሳይሆን የተቅማጥም ዓመት እንደ ነበረ የምናስታውስ እናስታውሳለን። በሽታው በስሙ እንዳይጠራ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ ባጭሩ «አተት» ተባለ። ስሙን የማንጠራውን ነገር እንዴት ተጠንቀቁ እንላለን?) ወደ ሐመር የምትወርድ ሾፌር ደግሞ ደረቁን የአሸዋ ወንዝ አትመነው፤ ከላይ ተራራው ከጠቆረ ወንዙ ዳር ቆመህ ጠብቅ። ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም ጠብቅ።

ይህ ሁሉ ግን ለጂንካ ነው። ጂንካ መንገድ አላት፣ ስልክ አላት፣ ከፍታ አላት። ለኦሞ ዳር ሰው የምለው ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ለእሱ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ዋናው ክፍል በእሱ እጅ አይደለም። የውኃው ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው። ጊቤ ሦስት ዛሬ አለ፤ ከእሱ በታች ደግሞ የኮይሻ ግድብ እየተገነባ ነው። ወንዙ ሁለተኛ ባለ ቁልፍ ሊያገኝ ነው ማለት ነው። ድሮ «ወንዙ መጣ» ይባል ነበር፤ ወንዝን መክሰስ አይቻልም። ከእንግዲህ ግን ውኃ የሚለቀቅ ነገር ነው፤ የለቀቀ ሰው አለ፤ የተለቀቀበት ሰዓት አለ፤ የተመዘገበ መጠን አለ። ያ መጠን በየሳምንቱ በይፋ ይነገር። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በዳሰነችና በኛንጋቶም ቋንቋ በሬዲዮ ይነገር። «በሰከንድ ይህን ያህል ሜትር ኪዩብ» የሚለው ቁጥር ለእረኛ ስለማይናገር፣ ኦሞራቴ ወንዝ ዳር ቀይና ነጭ የተቀባ ምሰሶ ይተከልና «ውኃው ነገ ማታ ቀዩ ጋ ይደርሳል» ይባል። ይህ ሁሉ ቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ የት እንዳለ ይነገረንና በዚሁ ገጽ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ካልተሠራ ግን ለሚመለከታቸው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ነሐሴ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ የግድቡን በር ከፍቶ ውኃ መልቀቅ ግድ ቢሆን፣ ተረኛው መሐንዲስ ስልክ የሚደውልለት የኦሞ ዳር ሰው ማን ነው? ስልክ ቁጥሩስ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል?